ለሐኪም መገለጥ፦ ስለ ዘር ፍሬ አልትራሳውንድ ለወንዶች የተሰጠ ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን ብዙ ወንዶች ለንስሐ አባታቸው እንኳ አንስተውት ስለማያውቁት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው የዘር ፍሬው፣ በተለምዶ ቆለጥ የምንለው፣ ያብጥበታል፤ ወይም ገላውን ሲታጠብ ጠጠር የመሰለ ነገር እጁን ይነካዋል። ራሱን ቢያመው ኖሮ ማታውኑ ለሚስቱ ይነግራት ነበር። ይህን ግን ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይዞት ይዞራል። ለምን ሲባል «ነውር ነዋ!» ይላል። ስለዚህ አስቀድመን ይህን ነውር የሚባለውን ነገር በመጽሐፍ ፊት እንመርምረው፤ ወደ ምርመራው ክፍል ከዚያ በኋላ እንገባለን።

አዳምና ሔዋን በገነት ራቁታቸውን ሳሉ ኀፍረትን አያውቁም ነበር። ኀፍረት የመጣው ከበደል በኋላ ነው። እነርሱ ቅጠል ሰፍተው አገለደሙ፤ እግዚአብሔር ግን የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው። ልብስ እንግዲህ ከፈጣሪ እጅ የተቀበልነው ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን አካሉ የተሸፈነው ክፉ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም። «እጅግ መልካም» ከተባለው ፍጥረት ውስጥ የዘር ፍሬ ተለይቶ አልወጣም። ቅዱስ ጳውሎስም በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ስለ ምእመናን አንድነት ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ሰውነታችንን ነው፤ እንደ እርሱ ትምህርት ያፈርንባቸው ብልቶች ከሌሎቹ የበለጠ ክብር ይሰጣቸዋል። ሲታመም ችላ የተባለ አካል ተከበረ አይባልም። ዐይኑ ሲደክም መነጽር የሚገዛ፣ ጥርሱ ሲቦረቦር የሚያስሞላ ሰው ይህኛውን ብልት በዝምታ ቢያስበሰብሰው የሐዋርያውን ትምህርት ገልብጦ ያዘው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ሰፋ አድርጎ ይናገራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት፦ የታመመ ሰው ይጸልይ፣ ከበደሉ ይመለስ፣ መሥዋዕቱን ያቅርብ ይልና ከዚያ ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጠው ያዛል። ጸሎቱ ሐኪሙን አላስቀረውም። ንጉሥ ሕዝቅያስም ታሞ አልቅሶ በጸለየ ጊዜ እንደሚድን ነቢዩ ኢሳይያስ ነገረው፤ ይኸው ነቢይ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋውን የሰጠው አምላክ በለሱንም አልናቀም። «እኔስ ጠበሌን እየጠጣሁ ነው» የሚል ቢኖር በጎ አድርጓል፤ ይቀጥል። ነፍስ ኄር ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ለዚያ የተባለው ለዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ።

አልትራሳውንድ በድምፅ ማየት ነው። ገደል ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ሲመጣለት ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ይገምታል፤ መሣሪያውም የላከውን ድምፅ ከየስንት ርቀት እንደተመለሰ እያሰላ ሥዕል ይሠራል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። ለዘር ፍሬ ምርመራ የሚላከው ድምፅ ግን በሴኮንድ ከ7 እስከ 15 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እንዲህ የረቀቀ ድምፅ ወደ ውስጥ ርቆ አይሄድም፤ የዘር ፍሬ ግን ከቆዳው ሥር ስለሆነ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ሥዕሉ እጅግ ጥርት ያለ ይሆናል። እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር የለውም። «መሃን ያደርጋል» የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ለሆድ አልትራሳውንድ «ሳትበላ ና» ይባላል፤ ለፊኛ «ውኃ ጠጥተህ ሽንትህን ይዘህ ና» ይባላል። ለዚህ ሁለቱም የሉም፤ ሐኪሙ ሆድንም አብሮ ካላዘዘ በቀር። ጾም ላይ ያላችሁም አትጨነቁ፤ የሚዋጥ ነገር ስለሌለ ጾም አያስፈታም። ፀጉር መላጨት አያስፈልግም። ማዕተባችሁንም ከነመስቀሉ ከአንገታችሁ አታውልቁ፤ አልትራሳውንድ ከብረት ጋር ጠብ የለውም። ቅቤ ወይም የቅጠል መድኃኒት ተቀብታችሁ ከሆነ ግን ለብ ባለ ውኃ ታጥባችሁ ሂዱ፤ ምን እንደተቀባችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ክፍሉ ስክሪኑ በደንብ እንዲታይ ጨለም ይደረጋል። ተመርማሪው ከወገቡ በታች ያለውን ልብስ አውልቆ ወይም ዝቅ አድርጎ በጀርባው ይተኛል። ከዚህ በኋላ ያለው የፎጣ ሥራ ነው፤ ብዙዎች የሚፈሩት ይህን ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። አንድ ፎጣ ተጠቅልሎ ከጭኑ መካከል፣ የዘር ፍሬው ካለበት ከረጢት ሥር ይገባል፤ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ይደግፈዋል። ሌላ ጨርቅ ይሰጠዋል፤ ብልቱን በራሱ እጅ ወደ ሆዱ አጥፎ በዚያ ይሸፍነዋል። እግሩም ይሸፈናል። ሁሉ ነገር ከተደራጀ በኋላ ክፍት ሆኖ የሚቀረው ከረጢቱ ብቻ ነው። መርማሪው ጓንት አድርጎ ጄል ያፈስበታል። ጄሉ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዱ ቦታ ሞቅ ያደርጉታል፣ ብዙው ቦታ ግን አያሞቁትም፤ ድንገት ሲፈስ ሰው ይደነግጣልና ቀድማችሁ እወቁት። ጥቅሙ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይገባ ነው፤ አየር ካለ ድምፁ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በውኃ የሚለቅ ስለሆነ ልብስ አያበላሽም።

ከዚያ በመዳፍ የምትያዝ ጫፏ ጠፍጣፋ የሆነች መሣሪያ በቀስታ ትንሸራተታለች፤ ርዝመቱን፣ ከዚያ ወርዱን፣ ቀጥሎ ከኋላው የተጠጋውን፣ ኤፒዲዲሚስ የሚባለውን የዘር ቧንቧ። ጥሩ መርማሪ የሚጀምረው ካላመመው ወገን ነው፤ ጤነኛውን አይቶ የታመመውን ይመዝንበታል። «የሚያመኝ ይሄኛው ነው፣ አንተ የምታየው ሌላውን ነው» ብላችሁ እንዳትከራከሩት። ያገኛችሁት እብጠት ካለ ግን በጣታችሁ ቦታውን አሳዩት፤ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። በመሐል ቀይና ሰማያዊ ቀለም በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ አንዳንዴም ሹው ሹው የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ በ1842 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ዶፕለር በፕራግ ባቀረበው ሐሳብ የሚሠራ የደም ፍሰት መለኪያ ነው። ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣ፣ ሰማያዊው ከመሣሪያው የሚሸሽ ደም ነው፤ ቀይ ስላያችሁ «ደም ፈሰሰኝ» አትበሉ። የደም ሥር መስፋት ከተጠረጠረ «ትንፋሽህን ይዘህ አምጥ» ወይም «ተነሥተህ ቁም» ሊባል ይችላል። ሁሉ ተደምሮ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሕመሙ ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ ጤነኛ ፍሬ ላይ ምንም የለም፤ ያበጠና የተቆጣ ፍሬ ላይ ግን ሲነካ ያማል። ሲያማችሁ ተናገሩ፤ ጫናውን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሣው። መርማሪዋ ሴት ብትሆንስ? ቀጠሮ ስታስይዙ «ወንድ መርማሪ ካለ ደስ ይለኛል» ማለት ስድብ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ይቻላል። ሦስተኛ ሰው በክፍሉ እንዲኖር ወይም ሚስታችሁ አብራችሁ እንድትገባ መጠየቅም ትችላላችሁ። ወንድ ከሌለና ጉዳዩ አጣዳፊ ከሆነ ግን መነኩሴም ቢሆን አይጠብቅ። ሐኪሟ የምታየው የደም ሥር ነው፤ ጠዋት ስንቱን አይታለች። ሁለተኛው ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ የማይጠይቀው ነው፦ ሲነካኝ ብልቴ ቢቆምስ? አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ነርቭ ለንክኪ የሰጠው መልስ ነው፤ ልብ አልፈቀደውም፣ ያልፈቀዱት ነገር ደግሞ ኃጢአት ሆኖ አይቆጠርም። መርማሪዎች ያውቁታል፤ ጨርቁን አስተካክለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ወይም ጥቂት ይታገሣሉ። ሦስተኛ፣ በዚህ ምርመራ የዘር ፈሳሽ አይወሰድም። ልጅ ለዘገየባቸው ባለትዳሮች የሚታዘዘው የፈሳሽ ምርመራ ሌላ ነው።

ምርመራው እንዳለቀ «ምን አየህ?» ማለት አይቀርም። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ራዲዮሎጂስቱ ራሱ ስለሚያነሣ በዚያው የሆነ ነገር ይነግራችኋል፤ ጽሑፉን ይዛችሁ ወዳዘዘላችሁ ሐኪም ትመለሳላችሁ። አሜሪካ ላላችሁት ግን አሠራሩ ሌላ ነው። የሚያነሣው ባለሙያ ነው፤ የሚያነበው ራዲዮሎጂስት በሌላ ክፍል አንዳንዴም በሌላ ከተማ አለ። ስለዚህ አንሺው «ሐኪምህ ይነግርሃል» ብሎ ዝም ቢል ክፉ አይቶ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ መናገር አልተፈቀደለትም። እዚያው ያሉ አባቶች የ14 ዓመት ልጃቸውን ለማስተርጎም ይዘው ሲገቡ አያለሁ። ልጅ የአባቱን ቆለጥ ሕመም ሊተረጉም አይገባውም፤ አባትየውም በልጁ ፊት እውነቱን አይናገርም። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ» በሉ።

ምን ሊገኝ ይችላል? አብዛኛው ለሞት የማይሰጥ ነው። ሃይድሮሲል የሚባለው በፍሬው ዙሪያ የሚቋጠር ውኃ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ አካባቢዎች ትንኝ የምታስተላልፈው የዝሆኔ በሽታ ከረጢቱን እንዲህ ያሳብጠዋል። አልትራሳውንዱ አንዳንድ ጊዜ በሊምፍ ቧንቧው ውስጥ በሕይወት ያለውን የበሽታውን ትል ሲውረገረግ ያሳያል፤ ይህን በመጀመሪያ የገለጡት የብራዚሏ የሬሲፌ ከተማ ሐኪሞች «የትሉ ጭፈራ» ብለውታል። በቆላ ስንት ሰው «የዘር ነው፣ እርግማን ነው» ተብሎ ከሰው ተለይቶ እንደኖረ ሳስብ፣ ያን ትል በስክሪን ላይ ማየት ብቻውን ግማሽ ትምህርት ይመስለኛል። አንጀት ወደ ከረጢቱ ወርዶ ቡአ ሆኖም ይገኛል። ኤፒዲዲሚስ የተቆጣ እንደሆነ የደም ፍሰቱ በዝቶ ቀለሙ ደምቆ ይታያል፤ ምክንያቱ የአባላዘር በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ቲቢ፣ ያልተፈላ ወተት ከመጠጣት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኢንፌክሽን ነው» የተባለን ሰው ሁሉ በዝሙት አንጠርጥረው። ጆሮ ደግፍም በጎልማሳ ወንድ ላይ ሲወጣ ወደ ዘር ፍሬ ሊወርድ ይችላል።

ቫሪኮሲል የደም መላሽ ሥሮች መስፋት ነው፤ ከመቶ ወንዶች 15 ያህሉ አላቸው። የሚበዛው በግራ ነው፣ ምክንያቱም የግራው ደም ሥር ወደ ኩላሊት ደም ሥር ቀጥ ባለ ማዕዘን ስለሚገባ ደሙ ወደታች መመለስ ይቀናዋል። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይኖራል። ልጅ የዘገየበት ቤት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር ነው። በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው በሚስት ላይ ነው፤ ጠበሉም ስለቱም የእርሷ ይሆናል፤ ባልየው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመረመር ዓመታት ያልፋሉ። ይህ በእግዚአብሔር ፊት ግፍ ነው።

አሁን ልጆች ያሏችሁ ሁሉ ጆሯችሁን ስጡኝ። የዘር ፍሬ በተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ድንገት ሊዞር ይችላል፤ መጠምዘዝ ይባላል። ገመዱ ደም የሚያመላልስበት ስለሆነ ሲጠመዘዝ ደሙ ይቆማል። የሚበዛው ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉት ላይ ነው። ሌሊት ልጁ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ ያስመልሰዋል፤ «ሆዴን» ይላል። እውነት ሆዱ ሊያመው ይችላል፣ ግን ደግሞ «ቆለጤን» ማለት ያሳፍረዋል። እናት ዳማከሴ ታጠጣዋለች፣ ይነጋል። ፍሬው ደም ካጣ የሚተርፍበት ዕድል ጥሩ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ አልፎ አልፎ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ሆዴን ያለ ወንድ ልጅ ሲያስመልሰው ታች አመመህ ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። አዎ ካለ ወይም አንዱ ፍሬ ወደ ላይ ተሰቅሎ ካገኛችሁት፣ ጠበሉን በመኪና ውስጥ እርጩት፤ መኪናው ግን ወደ ሆስፒታል እየሄደ ይሁን። ምርመራው ደም መቆሙን ያሳያል። ሆኖም ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ አልትራሳውንድ ሳይጠብቅ ወደ ቀዶ ጥገና ሊገባ ይችላል፤ ፈጠነ ብላችሁ አትቆጡት። በዚያው ቀዶ ሌላኛውንም ፍሬ በስፌት ያጸኑታል፤ እርሱም የመዞር ዝንባሌ አለውና።

በመጨረሻ ካንሰር። በዓለም ላይ ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ወንዶች በብዛት የሚታየው ደረቅ እጢ ይህ ነው፤ በአፍሪካ ከሌላው ዓለም በጣም ያነሰ ነው፣ አለ ግን። አልትራሳውንዱ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ እብጠቱ ከፍሬው ውጪ ነው ወይስ ውስጥ? ከውጪ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ውስጥና ደረቅ ከሆነ ካንሰር ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ደም ተወስዶ ምልክት ሰጪ ንጥረ ነገሮች ይለካሉ። በከረጢቱ በኩል በመርፌ አይወጋም፣ ሊዛመት ይችላልና፤ ፍሬው በሙሉ በብሽሽት በኩል ይወጣል። በጊዜ ከተደረሰበት ከመቶ 95 የሚበልጡት ይድናሉ።

ሰው በዚህ ቦታ ነው የሚፈራው። «ጎደሎ ልሆን ነው? ዲያቆን ነኝ፤ ክህነቴስ?» ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 የዘር ፍሬው የተቀጠቀጠ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ማዘዙን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ያነሣሉ። መልሱን አባቶች ሰጥተውታል። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት ከደነገጓቸው ቀኖናዎች የመጀመሪያው ስለዚሁ ነው፦ በሕመም ምክንያት በሐኪም የተቆረጠ ሰው በክህነቱ ይኖራል፤ የሚከለከለው ጤነኛ ሳለ በገዛ እጁ ራሱን የሰለበ ነው። በሐኪም የሚወጣ ፍሬ በዚያ ጉባኤ ደጃፍ ላይ ፍርዱን አግኝቷል። ከዚያም በፊት ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ጃንደረባው ራሱን እንደ ደረቅ ዛፍ እንዳይቆጥር አስተምሮ ነበር። የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ባለሟልም ጃንደረባ ሳለ ኢሳይያስን እያነበበ በሠረገላ ሲሄድ ፊልጶስ አጠመቀው፤ ከእኛ ወገን በሐዋርያት ሥራ ታሪኩ የተጻፈ ሰው እርሱ ነው። ደግሞም አንድ ፍሬ የወጣለት ሰው ጃንደረባ እንኳ አይደለም። የቀረው አንዱ ጤነኛ ከሆነ የወንድ ሆርሞን ይሠራል፣ ጢም ያበቅላል፣ ልጅም ያስወልዳል።

የቀረውን ፍሬ በየወሩ ሙቅ ውኃ ከታጠባችሁ በኋላ፣ ከረጢቱ ሲላላ፣ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል እያንከባለላችሁ ዳስሱት። ሁለቱም ያሏችሁም እንዲሁ አድርጉ። ግራው ከቀኙ ዝቅ ማለቱ፣ ከኋላ በኩል እንደ ገመድ ያለ ነገር መገኘቱ የተፈጥሮ ነው። ከፍሬው ጋር የተጣበቀ ጠጠር ወይም የማያም ደረቅ እብጠት ካገኛችሁ ግን በዚያው ሳምንት ካርድ አውጡና የአልትራሳውንድ ማዘዣ አስጽፉ።